ፖሊስ መንገድ ዳር ምራቅ ሲጠይቅ፦ ለአንድ የትራክ ሹፌር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ነው። ሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) አለኝ። ከዴንቨር ጭኜ በአይ-80 አውራ ጎዳና እስከ ኦሃዮ፣ አንዳንዴም ሚሺጋን ድረስ እነዳለሁ። አሁን ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ አፍ ውስጥ ጥጥ እየከተተ ዕፅ ይመረምራል ይባላል። እኔ ዊድ አላጨስም። ግን ወገቤን ሲያመኝ በእረፍት ቀኔ የሲቢዲ (ከዊድ ተክል ዝርያ የሚወጣ፣ የማያጦዝ ንጥረ ነገር) ጋሚ ከረሜላ እወስዳለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ልጅ ቤት ውስጥ ያጨሳል። ከጓደኞቼ ጋር ደግሞ አልፎ አልፎ ጫት እቅማለሁ። አንዱ ጓደኛዬ ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ ነው፣ ከ5 ናኖግራም (የግራም አንድ ቢሊዮንኛ) በታች ከሆነ ምንም አይሉህም ይለኛል። ሌላው ጥጡን እምቢ በል፣ መብትህ ነው ይላል። ማስቲካና ሎሚ ያጠፋዋል የሚልም አለ። ማንን ልስማ?»

ከነገሩዎት ውስጥ አንዱም ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም። አንዳንዱ ግማሽ እውነት ነው። በሲዲኤል እንጀራውን ለሚበላ ሰው ደግሞ ግማሽ እውነት ከውሸት ይብሳል። እኔ የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ደምና ምራቅ ውስጥ ያለ ዕፅ እለካለሁ፤ ፍርድ ቤት ስጠራም ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ አስረዳለሁ። ሕጉን የማውቀው በዚያ በኩል ነው። የራስዎን ጉዳይ መያዝ ያለበት ጠበቃ ነው።

ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ምርመራዎች ተቀላቅለዋል። አንደኛው ፖሊስ መንገድ ዳር የሚያደርገው የምራቅ ማጣሪያ ነው። ሁለተኛው ሰው ከታሰረ በኋላ የሚወሰደው ናሙና ነው። ብዙ ጊዜ ደም ነው፤ እንደ ስቴቱ ሽንት ወይም ምራቅ ሊሆንም ይችላል። ላብራቶሪ ሄዶ ማስረጃ የሚሆነው ይኼኛው ነው። ሦስተኛው የሚሠሩበት ድርጅት በፌዴራሉ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ደንብ የሚያስደርግዎት ነው፤ ሲቀጠሩ፣ በራንደም ስምዎ ሲወጣ፣ ከከባድ አደጋ በኋላ። ሦስቱም የየራሳቸው ሕግና የየራሳቸው ቅጣት አላቸው። አንዱን ስላለፉ ሌላውን ያልፋሉ ማለት አይደለም። ብዙ ሹፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ጥጡ እንምጣ። ዕቃው ጫፉ ላይ ስፖንጅ ያለው የፕላስቲክ እንጨት ነው። ከጥርስ ብሩሽ ብዙም አይበልጥም። ድድዎን፣ የጉንጭዎን ውስጠኛ ክፍልና ምላስዎን ያስነካሉ። በቂ ምራቅ ሲይዝ እንጨቱ ላይ ያለው ምልክት ሰማያዊ ይሆናል። ውሃ የጠማው ወይም የፈራ ሰው አፉ ይደርቃል፤ ያኔ ሰማያዊው እስኪመጣ ደቂቃዎች ይፈጃል። ከዚያ እንጨቱ ካርትሪጅ ውስጥ ይገባል፤ ካርትሪጁም በእጅ የሚያዝ ማሽን ውስጥ። አምስት ደቂቃ ገደማ ይጠብቃሉ። ብዙ ፖሊሶች የሚጠቀሙበት ሶቶክሳ የሚባለው ማሽን ስድስት የዕፅ ቤተሰቦችን ይፈልጋል፦ ካናቢስ (ዊድ ወይም ማሪዋና የሚባለው)፣ ኮኬይን፣ አምፌታሚን፣ ሜታምፌታሚን፣ ኦፒየት፣ ቤንዞዲያዜፒን። ለእያንዳንዱ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ስንት እንደሆነ አይናገርም። መቼ እንደተወሰደም አይናገርም። ሰውየው መንዳት ይችል እንደሆነማ ጭራሽ አያውቅም።

የካናቢስን ነገር በደንብ ላስረዳ፤ ጥያቄዎም የሚያጠነጥነው እሱ ላይ ነው። ምራቅ ውስጥ የምናገኘው ቲኤችሲ (ሰውን የሚያጦዘው የካናቢስ ንጥረ ነገር) አብዛኛው ከደም የመጣ አይደለም። ሲጨስ ወይም ሲታኘክ አፍ ውስጥ ተለጥፎ የቀረ ነው። ስለዚህ ካጨሱ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት መጠኑ በጣም ከፍ ይላል፣ ከዚያ ቶሎ ይወርዳል። ሶቶክሳ «አለ» ለማለት በአንድ ሚሊ ሊትር ምራቅ 25 ናኖግራም ይፈልጋል። አንድ ቀን አጭሶ የተወ ሰው ከሳምንት በኋላ እዚያ መጠን ላይ አይገኝም። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሰውነቱ ስብ ውስጥ ያጠራቀመውን ወደ ደሙ ለቀናት እየለቀቀ ይኖራል።

ፖሊስ ይህን ምርመራ የፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። ቲኤችሲ ደም ውስጥ ከፍተኛው ላይ የሚደርሰው ገና እያጨሱ ወይም እንደጨረሱ ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ አብዛኛው ደሙን ለቆ ወደ ስብና ወደ አንጎል ይገባል። አሁን መንገዱን ያስቡት። ፖሊስ ያስቆማል፣ ይጠይቃል፣ በአንድ እግር ያስቆማል፣ ያስራል፣ ዳኛ ቀስቅሶ ማዘዣ ያስፈርማል፣ ሆስፒታል ይወስዳል። ደሙ ሲቀዳ ሁለት ሰዓት አልፏል። እኔ ጋ የሚደርሰው ብልቃጥ ሰውየው መሪ ላይ ሳለ የነበረውን አይነግረኝም። ምራቅ ግን እዚያው በቦታው ይወሰዳል። ጥቅሙ ይኸው ነው፤ እኔም አልክደውም። ሰክሮ ወይም ጦዞ የሚነዳ ሰው ቤተሰብ ይጨርሳል። ያን የመሰለ መዝገብ እኔ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ጊዜ አርፏል።

ማሽኑም ይሳሳታል። የአውስትራሊያዋ ቪክቶሪያ ስቴት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ሹፌሮችን በዘፈቀደ እያስቆመ ምራቅ መመርመር ጀመረች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ነበረች። በጋዜጠኞች ካሜራ ፊት «ተገኘበት» የተባለው የመጀመሪያው ሹፌር ናሙናው ላብራቶሪ ሲገባ ነጻ ወጣ። ሰውየው ፊቱ በየቴሌቪዥኑ ከታየ በኋላ ማለት ነው። የመንገድ ዳሩ ውጤት ማጣሪያ ብቻ ነው የምለው ለዚህ ነው። ማረጋገጫው የሚመጣው ከላብራቶሪ ነው። ጠበቃዎም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የማረጋገጫው ወረቀት የታለ?» ብሎ ነው።

አሜሪካ ግን እንደ አውስትራሊያ አይደለም። ፖሊስ ማንንም በዘፈቀደ አስቁሞ «አፍህን ክፈት» አይልም። መጀመሪያ ለማስቆም ምክንያት ያስፈልገዋል፤ ቀጥሎ ሹፌሩ ዕፅ ወስዷል የሚያሰኝ ምልክት። ሚሺጋን በኅዳር 2017 በአምስት ካውንቲዎች ሙከራ ስትጀምር ጥጡን እንዲጠቀሙ የተፈቀደላቸው ዕፅን በመለየት ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ፖሊሶች ብቻ ነበሩ። ሚኒሶታም በ2023 ካናቢስን ሕጋዊ ስታደርግ የራሷን ሙከራ ጀመረች፤ እዚያ ምርመራው በፈቃደኝነት ነበር፣ ውጤቱም ፍርድ ቤት አይቀርብም ነበር። አላባማ ደግሞ ገፋ አድርጋዋለች፤ ከመንገድ ዳሩ ጥጥ ሌላ ሁለተኛ የምራቅ ናሙና ለስቴቱ የፎረንሲክ ላብራቶሪ ይላካል። ኢንዲያና ውስጥ ፖሊሶች ማሽኑን ይዘው ይዞራሉ። ኦሃዮ በ2025 ሥራ ላይ በዋለ ሕግ ምራቅን ከሚወሰዱት ናሙናዎች መካከል አስገብታለች። እዚህ ላይ ግን እርስዎን ከተራው ሹፌር የሚለይዎት ነገር አለ። ትራክ በሚዛን ጣቢያ ያለ ምንም ጥርጣሬ ይቆማል። ተቆጣጣሪው በሩን ሲከፍቱለት የዊድ ሽታ ከካቢኑ ከወጣ፣ ጥርጣሬው እዚያው ተወለደ ማለት ነው።

አሁን ስለ 5 ናኖግራሙ። ይህች ቁጥር ብዙ ሰው አሳስታለች። ኮሎራዶ ውስጥ 5 ናኖግራም የምትለካው በደም ነው፣ በምራቅ አይደለም። «እስከ 5 ተፈቅዷል» ማለትም አይደለም። 5 ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ፣ ዳኞቹ ሰውየው ተጽዕኖ ሥር ነበር ብለው መገመት ይችላሉ ማለት ነው፤ አይገደዱም። 2 ናኖግራም ተገኝቶም ፖሊሱ የመንዳት ሁኔታዎንና ዓይንዎን ገልጾ ካሳመነ ሊፈረድብዎት ይችላል። ቁጥሯ ራሷም ጠንካራ ሳይንስ ላይ አልቆመችም። የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ2017 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት በቲኤችሲ መጠንና በመንዳት ችሎታ መካከል እንደ አልኮል ያለ ቀጥተኛ ግንኙነት እንደሌለ ጽፏል። የሚሺጋን አጥኚ ኮሚሽን በ2019 ቁጥር ባይቀመጥ ይሻላል ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔም በዚህ እስማማለሁ። አንዱ በ3 ይንገዳገዳል፣ ሌላው በ8 ደህና ይሄዳል። ግን የእኔ አስተያየት መንገድ ላይ አያድንዎትም፤ ሕጉ የሚለውን ነው የሚጠየቁት።

ሕጉ ደግሞ በየስቴቱ መስመር ይለወጣል። የእርስዎን አይ-80 ብቻ እንይ። ኔብራስካ ውስጥ ዐቃቤ ሕጉ ዕፁ መንዳትዎን እንደጎዳው ማሳየት አለበት። የሚዙሪን ወንዝ ተሻግረው አዮዋ ሲገቡ ያ ጥያቄ ይቀራል፤ በደምዎ ወይም በሽንትዎ የተከለከለ ዕፅ ቅንጣት ከተገኘ በቂ ነው። ሚሲሲፒን ተሻግረው ኢሊኖይ ሲደርሱ በደም 5 ናኖግራም፣ በሌላ የሰውነት ፈሳሽ 10 ናኖግራም የሚል መስመር አለ። ኦሃዮ በደም 2 ናኖግራም ትላለች። ያው ሹፌር፣ ያው ትራክ፣ ያው ደም። ጠዋት በአንዱ ስቴት ንጹሕ የነበረ ሰው ማታ በሌላው ተከሳሽ ሊሆን ይችላል። «ኮሎራዶ ሕጋዊ ነው» የሚለው ጓደኛዎ የኮሎራዶን የድንበር ከተማ ጁልስበርግን እስኪያልፉ ድረስ ብቻ ነው ትንሽ የሚረባዎት።

እምቢ የማለት ጉዳይ። እዚህ ላይ ጓደኛዎ ሁለት ነገር ቀላቅሏል። መንገድ ዳር፣ ገና ሳይታሰሩ የሚጠየቁት ማጣሪያ በብዙ ስቴት እንደ ቀላል ነገር ይታያል። ለምሳሌ በሚሺጋኑ ሙከራ እምቢ ያለ ሰው ወንጀለኛ አይባልም፣ እንደ ትራፊክ ቅጣት ያለ የሲቪል ጥፋት ነበር። ከታሰሩ በኋላ የሚጠየቁት ግን ሌላ ነው። መንጃ ፈቃድ ስንቀበል «በበቂ ምክንያት ከተያዝኩ እመረመራለሁ» ብለን አስቀድመን ተስማምተናል፤ ሕጉ የሚቆጥረው እንዲያ ነው። በዚህ ደረጃ ኮሎራዶ ውስጥ እምቢ ማለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንኳ መንጃ ፈቃድን ለአንድ ዓመት ያሳጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ የኮሎራዶ ሕግ ዕፅ ሲጠረጠር ደም፣ ሽንትና ምራቅ ብሎ ሦስቱንም በስም ይጠራል። ስለዚህ «ምራቅ ነው፣ ግድ የለም» ብሎ ነገር የለም። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት ስለ ናሙናው ዓይነት ሳይሆን ስለ ደረጃው ነው፦ ገና ማጣሪያ ነው ወይስ ታስሬያለሁ?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 በበርችፊልድ ጉዳይ ማዘዣ ወይም ፈቃድ ከሌለ ደም መውሰድ በአብዛኛው አይቻልም ብሏል። ያለ ማዘዣ የተጠየቀን ደም እምቢ ያለን ሰው በወንጀል መቅጣትም አይቻልም። መንጃ ፈቃድ መንጠቅን ግን አልከለከለም። የእርስዎ እንጀራ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ለእርስዎ ዋናው ከዚህ በላይ ያለው የፌዴራል ሕግ ነው። የስቴቱን ክስ ጥለው የፌዴራሉ ሊጥልዎት ይችላል። ሲዲኤል የያዘ ሰው በዕፅ ተጽዕኖ ሥር ነድቶ ከተፈረደበት የትራክ ፈቃዱን ለአንድ ዓመት ያጣል። አደገኛ ጭነት ይዞ ከነበረ ሦስት ዓመት። ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ዕድሜ ልክ። ይህ በእረፍት ቀንዎ የቤት መኪናዎን ሲነዱም ይሠራል። ይህን ስነግራቸው የሚደነግጡ ሹፌሮች ብዙ ናቸው። በሕግ የታዘዘን የአልኮል ምርመራ እምቢ ማለትም በዚያው የፌዴራል የቅጣት ሠንጠረዥ ውስጥ አለ፤ ፖሊስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንፋሹንና ደሙን አከታትሎ ነው የሚጠይቀው። ትራክ ይዘው በዕፅ ተጽዕኖ ነድተዋል ተብሎ ቲኬት ከተጻፈብዎት፣ አሠሪዎ ሲያውቅ ክሊሪንግሀውስ ለሚባለው፣ የሹፌሮች የዕፅና የአልኮል ጥፋት ለሚመዘገብበት የፌዴራል መዝገብ ማሳወቅ አለበት። ከኅዳር 18 ቀን 2024 ጀምሮ እዚያ መዝገብ ላይ «የተከለከለ» የሆነ ሹፌር ስቴቱ ሲዲኤሉን ወደ ተራ መንጃ ፈቃድ ዝቅ ያደርግበታል። ለመመለስ ልዩ ባለሙያ ጋ መቅረብ፣ ሕክምናውን ወይም ትምህርቱን መጨረስ፣ እንደገና መመርመር፣ ከዚያ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ ስድስት ድንገተኛ ምርመራ ማለፍ ነው። ያን ሁሉ እያለፈ ያለን ሹፌር የሚቀጥር ድርጅት በባትሪ ይፈለጋል።

ስለዚህ ጋሚው። በጣም የምሰጋልዎት ለእሱ ነው፤ ምክንያቱም «ዊድ አላጨስም» ብለው ልብዎ አርፏል። የ2018ቱ የፌዴራል የእርሻ ሕግ ሄምፕን (ቲኤችሲው አነስተኛ የሆነውን፣ ሲቢዲ የሚወጣበትን የካናቢስ ዓይነት) ከማሪዋና የለየው በ0.3 በመቶ ቲኤችሲ ነው። ትንሽ ትመስላለች። አንድ ጋሚ 4 ግራም ይመዝናል እንበል። የ4 ግራም 0.3 በመቶ 12 ሚሊ ግራም ነው። ኮሎራዶ ውስጥ ዕድሜ ተጠይቆ ከሚሸጠው የማሪዋና ጋሚ የአንድ ሰው መጠን ተብሎ የተወሰነው 10 ሚሊ ግራም ነው። አዩት? በኦንላይን የተገዛ «ሄምፕ» ማሸጊያው ላይ ምንም ቢጻፍ፣ ውስጡ ያለው ሊያሰክር የሚችል መጠን ሊሆን ይችላል። በመለያው ላይ «ዜሮ ቲኤችሲ» የሚለውን ማመንም አይቻልም፤ ማንም የመንግሥት አካል እያንዳንዱን ጣሳ እየከፈተ አይለካም።

የድርጅትዎ የሽንት ምርመራ ደግሞ የሚፈልገው ቲኤችሲን ሳይሆን ሰውነት ፈጭቶ የሚተወውን ትራፊ ነው። ያ ትራፊ ከተወሰደ ከቀናት፣ አዘውትሮ ለሚወስድ ከሳምንታት በኋላ ይገኛል። ውጤቱ ከወጣ በኋላ «ሲቢዲ ነው የወሰድኩት» ማለት አይጠቅምም። የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ በ2020 ባወጣው ማሳሰቢያ ይህን ምክንያት ውጤቱን የሚገመግመው ሐኪም እንደማይቀበል በግልጽ ተናግሯል። የሐኪም የማሪዋና ካርድም እንዲሁ። እዚያው መሥሪያ ቤት በ2023 ለድርጅቶች የምራቅ ምርመራን የፈቀደ ደንብ አውጥቷል፤ የቲኤችሲ መነሻውም 4 ናኖግራም ነው፣ ከመንገድ ዳሩ 25 እጅግ ያነሰ። «የፖሊሱን ጥጥ ያለፈ የድርጅቱንም ያልፋል» የሚል ሰው ካለ ይህን ያሳዩት።

ለወገብዎ ሐኪም ይሂዱ። የምርመራ ሥጋት የሌላቸው መድኃኒቶች አሉ፤ ፊዚዮቴራፒም አለ። አሥራ አንድ ሰዓት የሚነዳ ሰው ወገቡን ቢያመው አይገርምም፤ ሕመሙ እውነተኛ ነው፣ ተገቢ ሕክምናም ይገባዋል። ሐኪሙ እንቅልፍ የሚያስወስድ ወይም አምፌታሚን ያለበት ነገር ካዘዘልዎት ሲዲኤል እንዳለዎት አስቀድመው ይንገሩት። ጥጡ በሐኪም የታዘዘውንና ያልታዘዘውን አይለይም።

አብሮዎት የሚኖረው ልጅ ጉዳይ ቀለል ያለ ነው። በተዘጋ ክፍል ወይም መኪና ውስጥ የሌላ ሰው ጭስ አፍ ላይ ጥቂት ቲኤችሲ ሊያሳርፍ ይችላል። ግን ቶሎ ይጠፋል፤ 25 ናኖግራም ላይ መድረሱም ከባድ ነው። ችግሩ ልብስ ነው። ጃኬትዎ የሱን ጭስ ጠጥቶ ካቢኑ ውስጥ ከተሰቀለ፣ ለፖሊሱ የመጀመሪያውን ምክንያት ሰጥተውታል። «የጓደኛዬ ጭስ ነው» ማለትም አያዋጣም፤ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ውጭ እንዲያጨስ ይንገሩት፤ ካልሆነ የሥራ ልብስዎን ለብቻ ያስቀምጡ።

ጫት ላይ ሲመጣ ግን ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። እኛ ዘንድ ጫት የወግ ነገር ነው፤ በርጫው፣ ጨዋታው፣ ቡናው። አሜሪካ ውስጥ ግን በጫቱ ትኩስ ቅጠል ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ ዝርዝር፣ በመጀመሪያው ደረጃ የተከለከለ ነው። ከ1993 ጀምሮ እንዲህ ነው። ቅጠሉ ሲደርቅ የሚበዛው ካቲን የሚባለውም በአራተኛው ደረጃ አለ። አዎ፣ የመንገድ ዳሩ ጥጥ ካቲኖንን አይፈልግም። የድርጅትዎ አምስት ዓይነት ምርመራም አይፈልገውም። «ስለዚህ አይያዝም» ብለው ግን አያስቡ። ፖሊሱ ምልክት አይቶ ደም ካስወሰደ፣ ላብራቶሪው እንዲፈልገው ከተጠየቀ ያገኘዋል። አዮዋ ላይ ደግሞ ቅንጣት ይበቃል። ጫት ካቢኑ ውስጥ መገኘቱ ብቻውን የንግድ ሹፌርን ደንብ ይጥሳል፤ በመጀመሪያው ደረጃ ያለ ዕፅ ይዞ በሥራ ላይ መሆን ክልክል ነው።

ከሕጉም በላይ የሚያስጨንቀኝ መንገዱ ነው። ምርቃናው እያለ ሰው እንቅልፍ ያልመጣበት ይመስለዋል። እንቅልፉ ግን አልጠፋም፣ ተደብቆ ነው። ከምርቃናው ሲወርድ በአንዴ ይደፋል፤ 36,000 ኪሎ ከኋላ እየገፋዎት። በጨብሲ የሚያሳርፉትም አሉ፤ መሪ ከመያዝ በፊት በነበሩት አራት ሰዓታት ውስጥ አልኮል መቅመስ በራሱ ሌላ ጥፋት ነው። ጫት የሚቅሙበት ሳምንት የሚነዱበት ሳምንት አይሁን።

ማስቲካና ሎሚ? ፖሊሱ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ያህል ምንም ወደ አፍዎ እንዳያስገቡ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ አፍዎ በአዲስ ምራቅ ይሞላል። ከአሥር ደቂቃ በፊት የተጉመጠመጡት ነገር ያን ያህል አይለውጠውም። ይልቅ ፖሊስ መብራቱን አብርቶ ከኋላ ሲመጣ ሎሚ የሚመጥ ሰው ምን ይመስላል? ይህ ሁሉ የሚቀዳው በካሜራ ነው።

ግሪን ካርድ ብቻ ካለዎት ሌላም ነገር አለ። በስቴቱ ሕጋዊ ቢሆንም ማሪዋና ወስጃለሁ ብሎ ለፌዴራል ባለሥልጣን መናገር የዜግነት ማመልከቻን ሊያሰናክል፣ ከአገር ወጥቶ መመለስንም ሊያከብድ ይችላል። ከሁለት ጊዜ በላይ ሳይሆን ሁለት ጊዜ ብቻ በዲዩአይ (በመጠጥ ወይም በዕፅ ተጽዕኖ ሥር መንዳት) መፈረድ «መልካም ጠባይ የለውም» የሚል ግምት ያመጣል። የዕፅ ክስ ሲኖር ዐቃቤ ሕጉ «ይህን ፈርመህ ቶሎ ጨርስ» ቢልዎት ቶሎ አይፈርሙ። በ2010 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመከላከያ ጠበቃ ለደንበኛው ፍርዱ በኢሚግሬሽን ላይ የሚያመጣውን መዘዝ የመንገር ግዴታ አለበት ብሏል። ጠበቃዎን ይጠይቁት፤ ካላወቀ የሚያውቅ ያምጣ።

ምክሬ ግልጽ ነው። ሲዲኤል በእጅዎ እስካለ ድረስ ቲኤችሲ ያለበት ወይም ሊኖርበት የሚችል ነገር በአፍዎ አይዙር። ጋሚውን ዛሬ ይጣሉት። ጫቱን ይተዉት፤ ቢያንስ ቢያንስ ወደ ካቢን አይግባ። «ጥቂት» እና «በእረፍት ቀኔ» የሚሉት ቃላት ለተራ ሹፌር ይሠሩ ይሆናል፣ ለእርስዎ አይሠሩም።

አንድ ቀን ከቆሙ ደግሞ ወረቀትዎን ያሳዩ፣ እጅዎ ይታይ፣ ድምፅዎ ይለዝብ። በእንግሊዝኛ መልስ ይስጡ፤ ከሰኔ 2025 ጀምሮ በመንገድ ላይ በእንግሊዝኛ መግባባት ያልቻለ የትራክ ሹፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል፤ ስለዚህ «አልገባኝም» ማለት መሸሸጊያ አይሆንም። አይዋሹ። ግን ምን እንደወሰዱና መቼ እንደወሰዱ ማስረዳትም ግዴታዎ አይደለም፤ «ስለ እሱ ጠበቃዬ ሳይኖር አልናገርም» ማለት ይበቃል። ጥጥ ሲቀርብልዎ «በፈቃደኝነት ነው ወይስ ግዴታ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ካሜራው ላይ ይቅር። ምንም ያልወሰደ ሰው ጥጡን ቢሰጥ አብዛኛውን ጊዜ ይገላገላል። ከታሰሩ በኋላ የሚጠየቁትን ምርመራ ግን እምቢ አይበሉ። በሚጠራጠሩበት ማሽን ላይ ጠበቃዎ በኋላ ይከራከራል፤ በእምቢታ ላይ ግን ብዙ የሚከራከርበት ነገር አይኖረውም። የላብራቶሪውን ሙሉ ዘገባ፣ ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ የሄደበትን መዝገብ ጨምሮ፣ ይጠይቅልዎት።

ቀኖቹንም ይያዙ። በማንኛውም ስቴት በትራፊክ ጥፋት ከተፈረደብዎ ለአሠሪዎ በ30 ቀን ውስጥ፣ ፈቃድዎ ከታገደ ደግሞ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ማሳወቅ አለብዎት። ኮሎራዶ ውስጥ እምቢ ብለዋል ተብሎ የእገዳ ወረቀት ከተሰጠዎት ችሎት ለመጠየቅ ያለዎት 7 ቀን ብቻ ነው። አንድ ዙር ጭነት ሄዶ ለመመለስ የሚፈጀውን ያህል ነው። ያን ወረቀት ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ ጥለው ወደ ኦሃዮ አይነሱ፤ መጀመሪያ ደውለው ያስመዝግቡ።